ሳይቀመስ የተቀዳ ጠላ

የስንብቴ ዕለት የጤና ጣቢያው ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። ኃላፊያችንም ብድግ ብለው፣ በዚህ ከተማ እንደ ሲስተር አትጠገብ ብዙ ሰው የመረመረ የለም አሉ። ተጨበጨበ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ፤ ለራሴ እያጨበጨብኩ መሆኔን ያወቅሁት አጠገቤ የተቀመጠችው የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በክርኗ ጎሸም ስታደርገኝ ነው። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም ሳስበው ደስ የሚለኝ፣ አንድን ሰው «ከእንግዲህ አልመረምርህም» ብዬ መመለሴ ነው። ይህን እዚያው ብናገር ኖሮ ጋቢውን መልሰው ይገፍፉኝ ነበር።

የዚህን ሰው ነገር ለማውራት ግን ከጥሊሊ መጀመር አለብኝ። ሥራ የጀመርኩት እዚያ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የጥሊሊን ብርድ ሳየው አለማወቄን አወቅሁ። ከገጠር የሚመጣው ታካሚ ለእኔ በአማርኛ «ደህና ነኝ» ይለኝና ዋናውን ሕመሙን ከአስታማሚው ጋር በአገውኛ ያወራዋል። እኔ መሀል ቆሜ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አፍ አያለሁ። ከዚህ ያወጡኝ ጋሽ ፈንቴ ናቸው። የዚያው አገር ተወላጅ፣ ሰው «ድሬሰር» እያለ የሚጠራቸው የድሮ ጤና ረዳት ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝግ ያሉ፣ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው።

ጋሽ ፈንቴ ስብከት አይወዱም ነበር፤ ያሠለጠኑኝ በልማዳቸው ነው። በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ እሱ እያየ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ሳሙናውን በደንብ አሽተው፣ ጣት በጣት። ከዚያ እጃቸው ሙቀት እስኪያገኝ እርስ በርሱ ያፋትጉትና በሽተኛውን ይጨብጡታል። ቁስል ካለ ጓንት ያጠልቃሉ። ቁስሉ ተጠርጎ ሲታሸግ ጓንቱን አውልቀው፣ እንደገና ታጥበው፣ ሲሰናበቱትም በባዶ እጃቸው ይጨብጡታል። ያኔ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ገና ወደ አገሩ አልደረሰም። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው የጠጣበት ብርጭቆ ይሰበር ነበር፤ ከእኛም መሀል በጓንት ሰላም የሚል ነበር። ጋሽ ፈንቴ ይህን ሲያዩ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለቁስሉ ጓንት፣ ለሰውዬው እጅ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲመጣ ኦአርኤሱን ራሳቸው በጥብጠው፣ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሱና ለእናቲቱ ይሰጧታል። አንድ ቀን ጋሼ፣ ጨውና ስኳሩ ልክ መሆኑን ለማየት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የታሸገ ነገር ምን ልኩ ይታያል ብለው ሳቁብኝ። «ጠላ ሲቀዳልሽ አይቀመስልሽም?» አሉኝ። እውነት ነው፤ በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለእንግዳው የሚሰጠው። ከጥንት የመጣ ነው፤ መርዝ የለበትም፣ እኔን ያላገኘኝ አንተንም አያገኝህም ማለት ነው። ማንም ትርጉሙን እያሰበ አያደርገውም፣ ግን ሳይቀመስ የተሰጠውን ሰው ሁሉ ያስተውለዋል። እናቲቱም ጋሽ ፈንቴ የቀመሱትን መድኃኒት ያለ ክርክር ለልጇ ትሰጣለች።

ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ። እዚያ የምክር አገልግሎት ሥልጠና ወሰድኩ። አለቃዬ ፖስተር መለጠፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በትንኝ አይተላለፍም የሚለው ወረቀት የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሳይቀር ነበር። እኔም አመንኩበት። ሰው የሚፈራው ስለማያውቅ ነው፣ ካሳወቁት ይለቀዋል የሚል እምነት ይዤ ዳንግላ ገባሁ። ደሞዙ ትንሽ ከፍ አለ፣ ሪፖርቱ ግን ከደሞዙ በብዙ በለጠ።

የዳንግላዋ ክፍሌ ከኮሪደሩ ጫፍ ነበረች። በመጀመሪያ ያደረግሁት በሩ ላይ የተጻፈውን «የኤች አይ ቪ ምርመራ» የሚል ማስነሳት ነው፤ ሰው ያንን ጽሑፍ አይቶ ከደጅ ይመለስ ነበርና። ሁለተኛ፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁትና ወንበሮቹን ጎን ለጎን አደረግኋቸው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስለዋል። ደም ስወስድ እጁን በእጆቼ መሀል አሙቄ፣ የቀለበት ጣቱን ጎን እወጋለሁ፤ የጣት አናት ለብዙ ቀን ያማል፣ ጎኑ ግን ቶሎ ይረሳል። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠርጌ በሁለተኛዋ እሠራለሁ። ውጤቱ እስኪደርስ ስለ እርሻ፣ ስለ ገበያ አወራለሁ። ሲደርስ ደግሞ አላንዛዛም። «ቫይረሱ የለብህም» ወይም «ቫይረሱ አለብህ፤ መድኃኒት አለው፤ እኔም አለሁ»፣ ያ ነው። መግቢያ የሚያበዛ ሰው በሽተኛውን ሁለት ጊዜ ይገድለዋል።

ያ የመለስኩት ሰው፣ አለኸኝ፣ የመጣው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲው ገና በግንባታ ላይ ሳለ፣ ዳንግላም ውስጥ ባጃጅ ጋሪውን ገፍቶ ሳይጨርስ ነው። ጋሪ ነጂ ነበር፤ አለንጋውን በሩ አጠገብ አስደግፎ ገባ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከኪሱ የታጠፈ ፌስታል አውጥቶ ዘረጋበት። «ወንበሬ ቁንጫ የለውም» አልኩት። አልሳቀም። «ይቅርታ ሲስተር፣ ስንት ሰው ይቀመጥበታል ብዬ ነው» አለኝ። ጤነኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የሥራ ሰው ነው። ትዳሩን ከፈታ ቆይቷል፣ ከዚያ ወዲህ ሴት አያውቅም። እንግዲህ ምን አመጣህ ብዬ ጠየቅሁት።

ያመጣው እህቱ ናት። ሙሉ ትባላለች። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ለሥራ መተማ ወርዳ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ስትሠራ ከርማ፣ ታማ ስትመረመር ቫይረሱ ተገኘባት። መድኃኒት ጀምራ፣ ሰውነቷ ተመልሶ ወደ ወንድሟ ቤት መጣች። ነገሩን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው። እሱም አላባረራትም፤ «ከእኔ ሌላ ማን አላት» አለኝ። ግን የጋሪው ፈረስ ገጣባ ነበረበት፤ ሙሉ ቁስሉን የጠረገችበትን ጨርቅ እሱ ሳያውቅ አንስቶ ፊቱን ጠረገበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

ጨርቁ ላይ የነበረው የፈረስ ደም መሆኑን ነገርኩት፤ በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደማይተላለፍ አስረዳሁት፤ መረመርኩት፤ ነጻ ነበር። ፊቱ በራ፤ ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ከለከልኩት። የእኔም ልብ ሞላ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ አስተማርኩትና አበቃ አልኩ።

አላበቃም። ጥቂት ቆይቶ መጣ፤ አሁን ደግሞ በእሷ ማንኪያ በልቶ ነው። አስተማርኩት፣ መረመርኩት፣ ነጻ ነው፣ ፊቱ በራ። ከዚያ ላቧ የነካው ፎጣ ነው። ከዚያ እሷን የነከሰች ትንኝ እሱን ነክሳው ነው። ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ ከቤት ወጥቶ ጋሪው ላይ ተሳፈረ፤ ቀጠን ያለ ሰው በጫነ ቁጥር መቀመጫውን በበረኪና ያጥባል፤ ደንበኞቹ ልብሳችንን አነጣህ ብለው መሸሽ ጀመሩ። ትምህርቱን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አንድ ቀን ወረፋ ለሚጠብቁ ሴቶች አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ ጥርት አድርጎ ሲያስረዳ በመስኮት ሰማሁት፤ ፖስተሩ ራሱ እንደዚያ አይናገርም። ከዚያ እኔ ዘንድ ገባና «እሱስ ልክ ነው ሲስተር፣ ግን…» አለኝ። ያቺ «ግን» ናት የበላችን። ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል ያልኩትን ይዞ፣ ምናልባት ገና አልታየ ይሆናል ይለኛል። እኔም እንየው እላለሁ። ኃላፊያችን የተመርማሪው ቁጥር በማደጉ ደስተኛ ናቸው፤ እኔም ሰው እምቢ ማለት አልተማርኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ፖስተሬን ይዤ ቀረሁ።

አንድ ቀን እህቱ ሙሉ መድኃኒቷን ልትወስድ መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ ልጅ ነበረች። ወንድሟ እኔ ዘንድ እንደሚመላለስ ታውቃለች፤ ቤት ውስጥ ፎጣዋን ለብቻ ማድረጉን፣ ማንኪያዋን ምልክት ማድረጉን ችላ ኖራለች። አሁን ግን የሚካኤል ማኅበር ተራው እነሱ ቤት ነበር። ጠላውን የጠመቀችው፣ የቀዳችውም እሷ ናት።

«ለሁሉም እየቀመስኩ ሰጠሁ» አለችኝ። «እሱ ዘንድ ስደርስ ዋንጫውን በእጁ ከደነና ‹ለእኔ አትቅመሽ፣ እንዲሁ ቅጂው› አለኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ሲስተር፣ ሰው ከጠላቱ እጅ ሲጠጣ እንኳ ቅመስልኝ ነው የሚለው። እኔ ምን ሆኜ ነው የማልቀምስለት?»

ከመዳፏ ወደ ዋንጫው የሚመለስ ጠብታ የለም፤ ከንፈሯም ዋንጫውን አይነካም። እሱም ይህን ያውቃል። ማኅበርተኛው ግን ያየው ሌላ ነው። በመጀመሪያ አንዷ ጎረቤት ዋንጫዋን መሬት አኖረች፤ ቀጥሎ ሌላው የመሄጃው ሰዓት ትዝ አለው። ጠላው በጋኑ ሞልቶ አደረ። ሙሉ እያለቀሰች አልነበረም የነገረችኝ፤ ያ ነው የከፋኝ። አንድ ነገር ይበሉልኝ አለችኝ፤ የምሄድበት ሌላ ቤት የለኝም፣ ከዚህ ቤት ከወጣሁ ተመልሼ መተማ ነኝ አለች።

አለኸኝ ሲመጣ ነገሩን አነሳሁበት። አፍሮ መሬት መሬት አየ። ጠብታዋ ዋንጫው ውስጥ ብትገባስ ብዬ ፈርቼ ነው አለኝ። ቢገባም በምራቅ እንደማይተላለፍ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ አስረዳሁት። ተስማማ። ከዚያ ጣቱን ዘረጋልኝ፤ እኔም ወጋሁት። ነጻ መሆኑን ነግሬው ሊወጣ ሲል፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ሙሉ ዛሬ ጠዋት ሄደች አለኝ። ወዴት ብለው፣ መተማ አለኝ። መድኃኒቷን ይዛለች ወይ ብለው፣ አላውቅም አለኝ። እሷ አውቶቡስ ስትሳፈር እኔ የወንድሟን ጣት አሞቅ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ሞቶብኛል፤ ሞት የሕክምና ጎረቤት ነው። እንዲህ ያለ ከንቱነት የተሰማኝ ግን ያን ቀን ነው።

እሑድ በሚኒባስ ጥሊሊ ወጣሁ። ጋሽ ፈንቴ ጡረታ ወጥተው ንብ ያነቡ ነበር፤ ከቀርከሃው አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እሳቸው ይበልጥ ዝግ ብለዋል፣ ጆሯቸውም ከብዷል። ስምና ቦታ ሳልጠራ ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ ስንት ጊዜ መረመርሽው አሉኝ። ብዙ ጊዜ አልኳቸው።

«በመረመርሽው ቁጥር ምን እያልሽው ነው?»

«የለብህም ነው የምለው።»

«እሱን የምትይው በኋላ ነው። ጣቱን ስትይዢ ‹ይኖርብህ ይሆናል፣ እስቲ እንይ› ብለሽዋል። አፍሽ አይፈራም ይላል፣ መርፌሽ ይፈራል ይላል። እኔ ብሆን የማምነው መርፌውን ነው።»

እና ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ፍርሃትን አትሟገቺው አሉኝ፤ ከተሟገትሽው ያሸንፍሻል፣ እሱ እንቅልፍ የለውም፤ ይልቅ ሥራ ስጪው፣ ቦታውን አሳዪው። ምን ሥራ፣ የት ቦታ እንደሆነ አልነገሩኝም። ማር ሰጥተው ሸኙኝ።

አለኸኝ በቀጣዩ ጊዜ ሲመጣ ፌስታሉን ዘርግቶ ተቀመጠና እጅጌውን ሰበሰበ።

«አልመረምርህም» አልኩት።

«ዕቃው አለቀ?»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያስ?»

«የምትፈራውን ነገር ከደምህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ካሁን ወዲያ እዚያ አልፈልገውም።»

በእርግጥ የሚያጋልጥ ነገር የገጠመውን ሰው መልሼ አላውቅም፣ አልመልስምም። የእሱ ግን ያ አልነበረም። ተቆጣ፤ መብቴ ነው አለ፤ አለንጋውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ሄደ። ኃላፊያችንም ጠሩኝ፤ ተመርማሪ ይመለሳል ወይ አሉኝ። ምክንያቴን አስረዳሁ። ሐሳቡ ገብቷቸዋል፣ ግን ቁጥሩ አሳሰባቸው። እሱ ሊመረመር ከፈለገ ሌላ ሰው ይመርምረው፣ የእኔን እጅ ግን አያገኝም አልኳቸው። ከኃላፊያችን ጋር ለረጅም ጊዜ ሰላምታችን ቀዘቀዘ። አለኸኝ እንጅባራ ድረስ ሄዶ እንደተመረመረ፣ ያው ውጤት ይዞ እንደተመለሰ በኋላ ራሱ ነገረኝ። መንገድ ላይ ጋሪውን ሲነዳ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ፣ ከጤና ጣቢያው በር ፊት ጋሪ ቆመ። ከመተማ ታማ የተመለሰችው ሙሉ ጋሪው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታለች። አለኸኝ መቀመጫው ላይ አልነበረም፤ ልጓሙን ይዞ ከፈረሱ ጎን በእግሩ ነበር የመጣው። መተማ መድኃኒቷን አቋርጣ ነበር፤ ከሰው ጋር ተደርቦ በሚታደርበት መጠለያ ክኒን መዋጥ አፍራ። ከስታለች፤ ግንባሯንና የግራ ዓይኗን ዙሪያ አልማዝ ባለ ጭራ የሚሉት ሽፍታ በልቶታል። ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ቆስሏል። የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ላክናት። ነፍሷ ተረፈች፣ መድኃኒቱንም እንደገና ጀመረች። ዓይኗን ግን ማዳን አልተቻለም። በዚህ ሥራ ምን አጠፋሽ የሚለኝ ቢኖር፣ የምቆጥረው ያንን ዓይን ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ በየቀኑ መጠረግ ነበረበት። ማን ይጠርግላት? ጎረቤት አይደርስም። «ሥራ ስጪው» የሚለው የጋሽ ፈንቴ ቃል ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጓንትና ፋሻ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አለኸኝ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር።

የፈረስህን ገጣባ እንዴት ነው የምትጠርገው ብዬ ጠየቅሁት። ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጨምሬ፣ አቀዝቅዤ፣ ከመሀል ወደ ዳር አለኝ። እጁ እንደሚያውቅ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ይህም እንደዚያው ነው፣ ልዩነቱ ፈረስህ አይናገርም፣ ይቺ ግን ካሳመምካት ትሰድብሃለች አልኩት። ከውስጥ ሙሉ «እሰድበዋለሁ» አለች። ጓንቱ እንዴት እንደሚጠለቅ አሳየሁት። እንዴት እንደሚወልቅ ደግሞ ደጋግሜ አሳየሁት፤ ከአንጓው ተይዞ፣ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ የቆሸሸው ጎን እጅ ሳይነካ። «እዚህ ጋ ፍራ» አልኩት፤ «የተከፈተ ቁስል ነው፣ ፍርሃትህ ልክ ነው፣ ለዚህ ነው ጓንት የተሠራው።» ቀና ብሎ አየኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አትፍራ ስለው የኖርኩ ሰው ፍራ ስለው መጀመሪያዬ ነበር።

ጠረገላት። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ብቻ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ሥራው ያዘው። ጓንቱን አወለቀ፣ ታጠበ። ከዚያ ባዶ እጁን ፊቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

«ጓንቱን ካወለቅሁ በኋላስ?» አለኝ።

«ከዚያ በኋላ ወንድሟ ነህ» አልኩት።

ያን ቀን አልነካትም። ጓንት ሲያልቅበት እኔ ዘንድ እየመጣ ይወስድ ነበር፤ ጣቱን ግን አልዘረጋልኝም። ቁስሉ እየጠበበ ሲሄድ የሚወስደው ጓንትም አነሰ። አንድ ቀን ጠላ መሸጫዎቹ አጠገብ ሳልፍ ሙሉን ከጋሪው ሲያወርዳት አየሁ፤ በባዶ እጁ ክንዷን ይዟት ነበር። አልጠራኋቸውም፣ መንገዴን ቀጠልኩ። ወንበሬም ላይ ፌስታል ማንጠፉን መቼ እንደተወ አላስተዋልኩም፤ የሚድን ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ሲለቅ ድምፅ የለውም።

ጋሽ ፈንቴ ይህን ሳይሰሙ አረፉ። ልነግራቸው ነገ ዛሬ ስል ቀረሁ።

አሁን ወደ ስንብቴ ልመለስ። ጋቢውን በለበስኩ በሳምንቱ እሑድ አለኸኝ ጋሪውን ይዞ ደጄ ቆመ። እኛም ቤት ስንብት አለ አለኝ። ወጣሁና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፈረሱ ያ የድሮው አልነበረም፤ ጋሪ ነጂውም ቢሆን በባጃጅ ምክንያት ሥራው ቀዝቅዞበት ስሙን ለመጠበቅ ያህል ነው የሚነዳው። ቤቱ ስንደርስ ሙሉ በር ላይ ተቀበለችኝ። ሞላ ብላለች፤ ጥቁር ሻሿን በግራ ዓይኗ በኩል ዝቅ አድርጋ አስራለች። ዶሮ ሠርታ ነበር። በላን፤ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ።

ከዚያ ጠላ አመጣች። ለእኔ ዋንጫ ሰጥታ በጆጉ ቀዳችልኝ፤ መዳፏን ሳትዘረጋ፣ ሳትቀምስ። ተቀብዬ ልጠጣ ስል አለኸኝ አስቆመኝ።

«ሙሉ፣ ለሲስተር ሳትቀምሽ ነው?»

«ትቼዋለሁ እኮ፤ ታውቃለህ» አለች። በቁጣ አይደለም፤ ልክ የቤቱን ደንብ እንደምትነግረው ነው። ከማኅበሩ ቀን ጀምሮ ለማንም ሰው ቀምሳ አታውቅም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ቤት ጠላ የሚቀዳው ሳይቀመስ ነበር፤ እሱም ያን ሁሉ ጊዜ እያየ ዝም ብሎ ጠጥቷል።

የምክር ሰጪ ልማድ ሆኖብኝ አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ገጠምኩት። አለኸኝ ዋንጫውን ከመሬት አንስቶ፣ ባዶውን፣ ወደ እሷ ዘረጋ።

«እንግዲያስ ከእኔ ጀምሪ» አላት።

ቀዳችለት። ግን መዳፏ ላይ ጠብ አላደረገችም። ዋንጫውን ከእጁ ተቀበለችና በአንድ ዓይኗ ፊቱን እያየች ከአፏ አስጠግታ ጠጣች፤ መቅመስ አልነበረም፣ ጉንጭ ሙሉ ነው የተጎነጨችው። ከዚያ ከንፈሯ የነካውን ጎን ወደ እሱ አዙራ ሰጠችው። ጠርዙ እርጥብ ነበር። አለኸኝ እርጥቡን አየው። እኔም አየሁት፤ እዚያ ላይ ቢመልሰው ከእንግዲህ ምንም ነገር እንደማያስታርቃቸው አውቄያለሁ። ዋንጫውን በሁለት እጁ ያዘ። ከጠጣችበት ከዚያው ጠርዝ፣ ሳያዞረው፣ እስከ አተላው ጠጣ።

አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። እየቀለደ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሲስተር፣ ነገ ብቅ ልበል እንዴ?» አለኝ።

«ጡረታ ወጥቻለሁ» አልኩት።

ሙሉ ሳቀች፤ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። እሱም ሳቅ አለና ዋንጫውን መልሶ ዘረጋላት።